የአፉላ ጭስና የጋሽ ፈረደ ምርቃት

እናቴ ስለ እኔ ስትናገር «ሳይዘንብ ጎርፍ የሚወስዳት» ትላለች፤ ልክ ናት። ከምሠራበት የማዘጋጃ ቤት የፕላን ክፍል አንድ ሰው እስራኤል አገር ሄዶ፣ ከተማ የሚያወጣውን የካርቦን ጭስ ለመቀነስ እንዴት እንደሚታቀድ አይቶ ይመለስ ተባለና ዕጣው ለእኔ ደረሰ። ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ደስ አለሽ» እያለ ሲስመኝ፣ እኔ ሻንጣዬ ቢጠፋስ፣ ተቀባዩ ባይመጣስ፣ ኢየሩሳሌምን ሳልሳለም ብመለስ እናቴ ምን ትለኛለች እያልኩ ነበር። አለቃዬ ደግሞ ሲሸኙኝ «ሙሉ፣ ስትመለሺ የጎንደርን ዕቅድ የምታረቅቂው አንቺ ነሽ» ብለው በሥጋቴ ላይ ሌላ ሥጋት ጫኑልኝ።

የሄድኩትም ኢየሩሳሌም ሳይሆን አፉላ ነው። በሰሜን በኩል፣ እንደ ደንቢያ ሜዳ በተዘረጋ የእርሻ አገር መካከል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከዚያ በፊት ስሟን ሰምቼ አላውቅም፤ አንባቢዎቼም ሰምታችኋል ብዬ አላስብም። ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ልንገራችሁ።

እሁድ

አውሮፕላኑ ቴል አቪቭ ያረፈው ጎህ ሲቀድ ነው። ፓስፖርት የምታየው ልጅ በእንግሊዝኛ «አፉላ ማን አለሽ?» አለችኝ።

«ማንም የለኝም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ትሄጃለሽ?»

«ስለ ጭስ ልማር» አልኩ። ቀና ብላ አየችኝና ሌላ ሰው ጠራች። የግብዣ ወረቀቴን አገላብጠው አዩና ለቀቁኝ፤ እኔ ግን እስከ መውጫው በር ድረስ የሚከተለኝ ያለ እየመሰለኝ ዞር ዞር እል ነበር።

የፈራሁት አልቀረም፤ ተቀባዬ አልመጣም። ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ ቆየሁና በመጨረሻ የተሰጠኝን ስልክ ደወልኩ። ዝናሽ የምትባል ሴት በአማርኛ ስትመልስልኝ ዕንባዬ መጣ።

«ስሊሃ፣ ይቅርታ የኔ እህት! የሚወስድሽ ሰውዬ መኪናው ተበላሽቶበት ነው። አትደንግጭ። አውቶቡስ ያዥ፤ እኔ አፉላ ታሃና መርካዚት ቆሜ እጠብቅሻለሁ።»

ታሃና መርካዚት ዋናው መናኸሪያ መሆኑን ሰው ጠይቄ አወቅሁ። አውቶቡሱ ውስጥ «ሞላ፣ ሞላ» የሚል ረዳት የለም፤ የቆመ ሰው የለም፤ ብርዱ ግን የደባርቅ ብርድ ነው። ውጭው በሐምሌ ፀሐይ ይንቀለቀላል፣ ውስጡ በማቀዝቀዣው ሰዉን ያንቀጠቅጣል። አጠገቤ የተቀመጠው ወታደር ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ እንቅልፍ ወሰደው፤ አፈሙዙ ወደ ጉልበቴ ስለዞረ እግሬን ሰብስቤ መንገዱን ጨረስኩት። በባሕሩ ዳር ስናልፍ ሰማይ የሚነኩ የጭስ ማውጫዎች አየሁ። አፉላን ለማየት የመጣሁ ቢሆንም የአፉላን ጭስ ያየሁት እዚያ መሆኑን የተረዳሁት በማግስቱ ነው።

ዝናሽ እንደ ቃሏ ቆማ ጠበቀችኝ። በልጅነቷ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጡት የእኛ አገር አይሁዶች አንዷ ናት፤ ሥራዋ በእኛ ሰዎችና በቢሮዎች መካከል ቆሞ ነገር ማስረዳት ነው፤ «መጋሸሬት» ይሏታል። የእንግዳ ማረፊያው ክፍል ለሌላ ሰው መሰጠቱን እየተሽኮረመመች ነገረችኝ። «ግን ብሰደር ነው፣ ሁሉ ደኅና ነው» አለች። «ከዘመዶቼ ቤት ታርፊያለሽ። ከሆቴል ይሻልሻል።»

ዘመዶቿ የሚኖሩት አፉላ ኢሊት በሚባለው ኮረብታ ላይ ነው። የከተማው አውቶቡስ በየመንደሩ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ወጣና ከአንዲት ትንሽ ሱቅ አጠገብ፣ ዝቅ ያለ የድንጋይ አጥር ፊት አወረደን። ስወርድ ሙቀቱ ሙጫውን ያቀለጠው የጫማዬ ሶል አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተለይቶኝ ቀረ፤ አንስቼ ያዝኩት። በአንድ እግሬ እያነከስኩ፣ ጃንጥላ ተደግፌ ገባሁ። እናቴ «ዝናብ ቢጥልስ» ብላ ያስያዘችኝ ጃንጥላ ነው፤ እዚያ አገር በበጋ ጠብታ አይወርድም።

ጋሽ ፈረደና እትየ ትርንጎ ወገራ የተወለዱ ባልና ሚስት ናቸው። ልጆቻቸው ወደ ሌላ ከተማ ሄደው ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል። እትየ ትርንጎ አገላብጠው ስመውኝ ሳይጨርሱ ጋሽ ፈረደ «አምባ ጊዮርጊስ እንዴት ነው? ዘንድሮ ዝናቡ ገባ?» አሉኝ። መልሴን እየሰሙ ጫማዬን ከእግሬ ላይ ወሰዱና ወስፌና ወፍራም ክር አምጥተው መስፋት ጀመሩ። እጃቸው ላይ ከአንጓቸው በላይ የደም ሥር እንደ ገመድ አብጦ አየሁ። ዓይኔን ስላልነቀልኩ፣ «ኩላሊቴ ነው ልጄ። በሳምንት ሦስት ቀን ደሜን ያጥቡልኛል። በመርፌው ብዛት ነው እንዲህ የሆነው» አሉ፣ ስለ ጫማው እንደሚያወሩ ሁሉ።

ሰኞ

የከተማውን ዕቅድ የሚያጠናው ቡድን ቢሮ መሀል ከተማ፣ ከባንኮቹ ጀርባ ነው። ኃላፊው ዮሲ ይባላል፤ ፀጉሩ የሳሳ፣ ጥፍሩን የሚነክስ ሰው ነው። ሥጉ ሰው ሥጉን ያውቃል፤ በእንግሊዝኛ ወዲያው ተግባባን። ጠረጴዛው ላይ የሱፍ ፍሬ ዘረገፈልኝ፤ አፉላ በእሱ የታወቀች ናት፤ ሰዉ ሲሄድም ሲቆምም ይፈለፍላል።

የዮሲን ትምህርት ለአገሬ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። አንድ ከተማ ጭሱን ለመቀነስ ከፈለገ መጀመሪያ ጭሱ ከየት እንደሚወጣ ይለቅማል። የሚበራው አምፖል፣ የሚሄደው መኪና፣ የሚጣለው ቆሻሻ፣ ቤት የሚያቀዘቅዘው ማሽን፣ ሁሉም ይቆጠራል። አፉላ ውስጥ ጭስ አይታይም፤ ምክንያቱም መብራቷ የሚመጣው ትናንት ባየኋቸው የባሕር ዳር ማውጫዎች ሥር ከሚነደው ከሰል ነው። አፉላ ማብሪያ ትጫናለች፣ ጭሱ ሌላ ሰው ደጅ ይወጣል። የእኛ ተቃራኒ ነው፤ የጎንደር መብራት ከውኃ ይመጣል፣ ጭሳችን ግን ከየማጀቱ፣ ከእንጨቱና ከከሰሉ፣ ዳገት ከሚያቃትቱ አሮጌ አይሱዙዎችም እዚሁ ፊታችን ላይ ይጨሳል። «እናንተ ቢያንስ ታዩታላችሁ» አለ ዮሲ።

ከዚያ በኋላ የትኛውን መቀነስ እንደሚቻል ይመረጣል። በየጣሪያው ላይ ውኃ በፀሐይ የሚያሞቅ ነጭ በርሜል አለ፤ ጎንደር ላይ ያን ባየሁ ብዬ ቀናሁ። የመንገድ መብራቱ ይለወጣል፣ ዛፍ ይተከላል። ዮሲ ግን ትልቅ ተስፋውን የጣለው በአውቶቡሱ ላይ ነው። የኮረብታው ሰው በመኪናው የሚወርደው አውቶቡሱ በየመንደሩ ስለሚዞር ነው። መስመሩ በዋናው መንገድ ቀጥ ብሎ ቢወጣና ቢወርድ ይፈጥናል፤ ከፈጠነ ባለመኪናው መኪናውን ይተዋል። በጣም ደስ አለኝ። አዘዞና ፒያሳ መካከል እንዲህ ቢሆን እያልኩ በልቤ የራሳችንን መስመር ማስመር ጀመርኩ።

ካርታውን ሲዘረጋ በቀይ የተሰረዙ ማቆሚያዎች አየሁ። አንደኛው ከትንሿ ሱቅ አጠገብ ያለው ነው። ሶሌን የጣልኩበት!

«እዚህ ያሉት ሰዎችስ?» አልኩ።

«ወደ ዋናው መንገድ ይወርዳሉ። ሩቅ አይደለም። ነገ የነዋሪዎች ስብሰባ አለ፤ የተቃወመ ካለ ተቃውሞው ይጻፋል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ረቂቁ ወደ ላይ ይሄዳል።»

በካርታ ላይ ሩቅ አይደለም። ካርታ ዳገት የለውም።

ወደ ቤት ስመለስ እትየ ትርንጎ የድንጋዩ አጥር ላይ ተቀምጠው ባላቸውን ሲጠብቁ አገኘኋቸው። አውቶቡሱ ቆመ። ጋሽ ፈረደ ከሕክምናው ሲመለሱ ጠዋት ያየኋቸው ሰው አይደሉም፤ ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ከንፈራቸው ደርቋል። ሁለት እርምጃ ሄደው አጥሩን ያዙ፣ ተቀመጡ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ ከዚያ ወደ ቤት ገባን። የሕመምተኞች መኪና እንዳለ ነገሩኝ፤ የሁሉንም ደጅ ሲዞር ስለሚያንገላታቸው አውቶቡሱን መርጠዋል።

እራት ላይ ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ የአውቶቡሱን ነገር ሰምተዋል?»

«ሰምተናል። ዝናሽ ነግራናለች።»

«ነገ ታዲያ ይናገራሉ?»

«እንዴታ! እንነጋገራለን እንጅ» አሉ። ልቤ ዐረፈ።

ማክሰኞ

ስብሰባው በሰፈሩ አዳራሽ ነበር። ዮሲ ሥዕሎቹን በግድግዳው ላይ እያሳየ አስረዳ፤ ዝናሽ ለእኛ ሰዎች ታስተረጉማለች። ገና ሳይጨርስ ጩኸቱ ተነሳ። አንዲት ሴት ስለ መኪና ማቆሚያዋ ጠረጴዛ መታች። አንድ የሩሲያ ሽማግሌ ጣቱን ዮሲ አፍንጫ ሥር ቀሰረ። ጎንደር ቢሆን ሁለቱም በፖሊስ ይወጡ ነበር። ዮሲ ግን አንዳችም ሳይቆጣ እያንዳንዱን ጩኸት ይጽፋል።

የእኛ አባቶችና እናቶች ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ ፊት ረድፍ ላይ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። በመጨረሻ ዝናሽ «አባቶች፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?» አለች። ሁሉም ወደ ጋሽ ፈረደ ዞሩ። በዕድሜ ታላቃቸው እሳቸው ናቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ሲነሱ «ይኸው!» ብዬ እጄን ጨበጥኩ።

«ልጄ» አሉ ለዮሲ፣ «ሰው አድርገኸን፣ ከሰፈራችን ድረስ መጥተህ አነጋገርኸን። የእስራኤል አምላክ ድካምህን ይቁጠርልህ። ልጆችህን ያሳድግልህ። ሥራህን ያቅናልህ። ያሰብኸውን ያድርስልህ።»

«አሜን» አለ ረድፉ በሙሉ።

ዝናሽ ቃል በቃል አስተረጎመች። ዮሲ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና ጻፈ። ከአዳራሹ ስንወጣ ፊቱ በርቶ ነበር። «በጠቅላላው ሥራዬ እንዲህ ያለ ስብሰባ አላየሁም» አለኝ። «ሁሉም ሲጮህብኝ እነሱ ዕቅዱን ባረኩልኝ።»

መጀመሪያ ከጋሽ ፈረደ ልስማ ብዬ ተሰናበትኩት።

ማታ ዝናሽ አብራን መጣች። ገና ከመቀመጣችን «ጋሼ፣ ምነው ሳይናገሩ ቀሩ?» አልኩ።

«በሰው ፊት?» አሉ ጋሽ ፈረደ። «ልጁ ለፍቶ፣ ሥዕል ይዞ፣ ከደጃችን መጥቶ አሳፍሬ ልስደደው?»

«ታዲያ መቼ ሊነግሩት ነው?»

«ሽማግሌ እንልካለና! ነገር በሽማግሌ ነው። ጩኸት እኮ ነገር አይደለም።»

ዝናሽ ራሷን ያዘች። «ጋሽ ፈረደ፣ እዚህ አገር ያልተቃወመ ተስማማ ነው የሚባለው። እርስዎ ደግሞ ዝም ቢሉ ይሻል ነበር፤ ጭራሽ መረቁት!»

«ሰውዬውን ነዋ የመረቅሁት! አውቶቡሱን መረቅሁ?»

እትየ ትርንጎ ሳቁ፤ ግን የደስታ ሳቅ አልነበረም። «ልጆቻችን እዚህ ወልደው ከበዱ፤ አንተ ይኸን ሕግ እስካሁን አላወቅኸውም?»

«አውቀዋለሁ» አሉ ጋሽ ፈረደ ቀስ ብለው። «ልናገር ብዬ ነው የተነሳሁት። አፌ እምቢ አለኝ።»

ከዚያ ወዲያ ማንም አልቀለደም። እኔም አልጋዬ ላይ ሆኜ የማስበው ያን ዳገት ነበር። ስንት ስብሰባ ጎንደር ላይ በምርቃት ተዘግቶ እኛ የፕላን ክፍል ሰዎች ደስ ብሎን ወደ ቤት እንደሄድን ትዝ ሲለኝ ደግሞ ጭራሽ እንቅልፍ አጣሁ።

ረቡዕ

ጠዋት ጋሽ ፈረደን ይዤ በአውቶቡሱ ወረድኩ። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲለዩኝ «አንች ስለኔ አታስቢ፤ ነገ ከሌሎቹ ጋር እሄዳለሁ» አሉ። ነገ ማለት ሽምግልናው ነው።

ዮሲ በዚያ ቀን ያሮጌውን ባቡር ጣቢያ አሳየኝ። በቱርክ ዘመን የተሠራ፣ እሾህ የበቀለበት፣ ባቡር ከቆመበት ብዙ ዘመን ያለፈው ድንጋይ ቤት ነው። የእኛን የነገሥታት ሕንፃዎች ስለለመድኩ ፍርስራሽ አያስደንቀኝም፤ የዮሲ ሁኔታ ግን አሳዘነኝ። በእሾሁ መካከል ቆሞ «አንድ ቀን ባቡሩ ይመለሳል ይባላል። ቢመለስ ሰው እስከ ሃይፋ ያለ መኪና ይሄዳል። እኔ ግን ባቡሩን ማምጣት አልችልም፤ የመብራቱን ከሰል መዝጋትም አልችልም። በእጄ ያለው አንድ የአውቶቡስ መስመር ነው» አለ።

በዚህ መሀል ነው የነገርኩት። ምርቃት ስምምነት እንዳልሆነ፣ እኛ ዘንድ የመጣን እንግዳ ፊት ለፊት መቃወም እንደ ነውር እንደሚቆጠር፣ የመረቁት ሽማግሌ ራሳቸው ከተሰረዘው ማቆሚያ ተሳፍረው ለደም እጥበት እንደሚመላለሱ። ጥፍሩን መንከሱን አቆመ።

«ታዲያ ለምን አላሉኝም?»

«ነገ ይሉሃል።»

«ለእያንዳንዱ ደጅ መስመሩን ካጠማዘዝኩት ደግሞ ያው የድሮው አውቶቡስ ይሆናል። ማንም መኪናውን አይተውም። ሙሉ፣ አንቺ ባለሙያ ነሽ፤ ውሸቴን ነው?»

ውሸቱን አልነበረም። ያስጨነቀኝም ይኸው ነው። ጥፋተኛ ባገኝ ተቆጥቼ ይወጣልኝ ነበር። አንደኛው ስለ ዓለም ጭስ ይጨነቃል፣ አንደኛው ከአውቶቡስ እስከ አጥሩ ስላለችው እርምጃ፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። በዚያ ቀን ከሽምብራ የሚጠበስ ፈላፈል ገዛልኝ፤ ግማሹን መብላት አቃተኝ።

ሐሙስ

አራት ሽማግሌዎች ሆነው ሄዱ። ነጠላቸው ታጥቦ ነጭ ሆኗል፤ ጋሽ ፈረደ ከፊት፣ ዝናሽና እኔ ከኋላ። ዮሲ ወንበር አሰናድቶ፣ ቀዝቃዛ ውኃና ኬክ አቅርቦ በር ላይ ተቀበለን። «ተቀመጡ» አለ።

አልተቀመጡም። ውኃውንም አልነኩ።

ዮሲ ደነገጠ። ወንበሩ ጠበበ መሰለውና ሌላ አስመጣ። ዝናሽ በዕብራይስጥ አስረዳችው፤ ሽማግሌ ለልመና ሲሄድ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፣ አይቀምስም። ዮሲም ብቻውን መቀመጥ ከብዶት አብሮ ቆመ። በዚያች ጠባብ ክፍል ሁላችንም ቆመን ተያየን።

ጋሽ ፈረደ ጀመሩ። ድምፃቸው የስብሰባው ቀን ድምፅ አልነበረም። «ልጄ፣ በሰው ፊት አክብሬሃለሁ። አሁን በጓዳ እውነቱን ልንገርህ። ጭሱን አትቀንስ አላልንህም። ጭስ ክፉ ነው፤ ሳል ያመጣል፤ አንተም እንዳልኸው ዝናብ ያጠፋል። ግን እኛ መኪና የለንም። ያንተ አውቶቡስ ባለመኪናውን ለማባበል ሲሮጥ፣ መኪና የሌለውን ጥሎት እንዳይሄድ ነው የመጣነው።»

ዝናሽ አስተረጎመች። ዮሲ ካርታውን ዘርግቶ መስመሩን በጣቱ ይከተል ጀመር። ጊዜው ሄደ። የጋሽ ፈረደ ምርኩዝ ወለሉ ላይ ኳ ኳ ማለት ጀመረ። «ጋሼ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው በሹክሹክታ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንበሩን ወደ ጀርባቸው ገፋሁት፤ በምርኩዛቸው መልሰው ገፉት። አሁን ይወድቃሉ፣ አሁን ይወድቃሉ እያልኩ እጆቼን ከብብታቸው ሥር አዘጋጅቼ ቆምኩ።

«ባለመኪናዎቹ ወደ ሥራ የሚሄዱት ጠዋት ነው፣ የሚመለሱት ማታ ነው» አለ በመጨረሻ ዮሲ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «በእነዚያ ሰዓቶች ቀጥ ብሎ ይሂድ። በመካከል፣ ቀን ቀን፣ በእናንተ ሰፈር ይዙር። ይህን እጽፋለሁ። ‹ተስማምተዋል› የሚለውንም እሰርዛለሁ፤ የተቃወማችሁበትን ምክንያት እጽፋለሁ። የመጨረሻው ቃል ግን የበላዮቼ ነው። ቃል ልገባላችሁ አልችልም።»

ሽማግሌዎቹ በዝቅተኛ ድምፅ ተመካከሩ። ጋሽ ፈረደ ሕክምናቸው ጠዋት ይጀምራል፤ ስለዚህ ቱራቸውን፣ ማለትም የተራ ሰዓታቸውን፣ ወደ ቀን እንዲያዛውሩላቸው ሆስፒታሉን መለመን አለባቸው። ሌላ ሽምግልና! ግማሽ መልስ ነው፤ ግን ተሰምተዋል። አንድ ላይ ተቀመጡ፣ አንድ ላይ ብርጭቆውን አነሱ።

ዮሲ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ጎንበስ ብሎ ጠበቀ። ምርቃቱን ለምዶት ኖሯል።

ጋሽ ፈረደ ውኃቸውን ጨርሰው አፋቸውን ጠረጉ። «አይ፣ ዛሬስ አልመርቅህም» አሉ። «አውቶቡሱ ሲቆም ባየሁ ዕለት።»

ዝናሽ ይህንንም ቃል በቃል አስተረጎመች። ዮሲ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ ብዕሩን አንስቶ ጻፈው።

ዓርብና ቅዳሜ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከተማው ሱቁን ዘጋ፣ አውቶቡሱም ቆመ። እትየ ትርንጎ የሰንበቱን ዳቦና ወጥ ቀድመው ሠርተው ነበር፤ ሰንበት ከገባ በቤታቸው እሳት አይነካም፣ የቀዘቀዘው ይበላል። ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ አፉላ ጸጥ ብላለች። የመኪና ድምፅ የለ፣ ሜዳው ማዶ ያለው ተራራ ትናንት ከታየው ይበልጥ ቀርቦ ይታያል። ዮሲ ሰባት ጊዜ ካርታ ከሚስል እነዚህን ሰዎች ቢጠይቃቸው ብዬ ቀለድኩ። «እኛማ ከድሮም በሳምንት አንድ ቀን ምድርን እናሳርፋታለን» አሉ እትየ ትርንጎ።

ጋሽ ፈረደ አጥሩ ላይ ሄደው ተቀመጡ። አውቶቡስ እንደማይመጣ እያወቁ ፊታቸውን ወደ መታጠፊያው አዙረዋል። ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

«ባይፈቅዱስ?» አልኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር ለታመመ ሰው አይጠየቅም፤ ከአፌ አምልጦኝ ነው።

«እኔም እሱን ነው የማስበው» አሉ። «ያችን ዳገት አንድ ቀን እወጣታለሁ፤ ሁለት ቀን እወጣታለሁ። ትርንጎ እዚህ ቁጭ ብላ ስትጠብቀኝ ሳልመጣ ብቀር ነው የምፈራው።»

ፀሐዩ እስኪጠነክር አብረን ተቀመጥን።

እሁድ ጠዋት ስሄድ የሰፉልኝን ጫማ አደረግሁ። ጃንጥላዬን ለእትየ ትርንጎ ተውኩላቸው፤ አጥሩ ላይ ሲጠብቁ ለፀሐይ ይሆናቸዋል።

ከተመለስኩ በኋላ

ይህን የምጽፈው ጎንደር ክረምቱ ወጥቶ ነው። ዝናሽ አንዳንዴ ትደውላለች። ረቂቁ ገና ከበላዮች ዘንድ አልወረደም፤ የጋሽ ፈረደ ሰዓትም ገና አልተዛወረም። አውቶቡሱ እስከ ዛሬ በሰፈራቸው ይዞራል። የውጭ አገር ቁጥር ስልኬ ላይ ባየሁ ቁጥር ግን ከማንሳቴ በፊት ልቤ ይመታል።

የእኛን ዕቅድ ማርቀቅ ጀምሬአለሁ። ጭሳችንን ለቀምኩ፤ አንዱ ሐሳቤ የእንጨትና የከሰል ተራውን ከመሀል ከተማ አውጥቶ ማራቅና ከሰል ቆጣቢ ምድጃ ማስፋፋት ነበር። ባለፈው ሳምንት ቀበሌው አዳራሽ ነጋዴዎቹን ሰብስበን አስረዳሁ። ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። አንድም ሰው አልጮኸም። ጨርሼ «አስተያየት አላችሁ?» ስል ተያዩና ሁሉም ወደ እማማ በላይነሽ ዞሩ፤ ከሰል ሲሸጡ ያረጁ፣ ጣታቸው እስከ ዛሬ የጠቆረ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«ልጄ፣ እደጊ፣ ተመንደጊ፣ እግዚአብሔር ያሰብሽውን...»

ባልደረባዬ ብዕሩን አንስቶ ሊጽፍ ሲል እጁን ያዝኩት። ከመድረኩ ወርጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«እማማ፣ ይቅርታ፣ ምርቃቱ ይቆየኝ» አልኩ። «መጀመሪያ ያላማረዎትን ይንገሩኝ።»

ነውር የሠራሁ መሰለኝ። እማማ በላይነሽ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ ጎናቸው ያሉትንም ሴቶች አዩ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

«እንግዲያውስ ተቀመጭ» አሉኝ። «ነገሩ ረጅም ነው።»

ተቀመጥኩ።